ወንድሜ ታሞ ነው ወይስ ሰንፎ? ለአንዲት እህት ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «22 ዓመት የሞላው ታናሽ ወንድሜ የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነበር። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቹ መራቅ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ማንጋትና ‹የዶርም ልጆች ሐሳቤን በስልክ ያነቡታል› ማለት ጀመረ። ለፈተና ሲያጠና ጫት ይቅም እንደነበርም በኋላ ሰማን። ሆስፒታል ስንወስደው ስኪዞፍሬኒያ ነው ተባልን፤ ሪስፔሪዶን ታዞለት በሁለት ወር ውስጥ የሚሰማው ድምፅም ጥርጣሬውም ለቀቀው። ከዚያ አባታችን ጠበል ይዞት ሄደና እዚያ መድኃኒቱን አቆመ፤ ከሦስት ወር በኋላ ሕመሙ ብሶ ተመለሰ። አሁን እናታችን ኪኒኑን እየፈጨች በሾርባ ስትሰጠው ተረጋግቷል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፣ ካልተነገረው ገላውን አይታጠብም፣ የሚያስደስተውም ነገር የለም። አባቴ ‹አሁንስ ስንፍና ነው› ይላል። ሕመም ነው ወይስ መንፈስ? መድኃኒቱን እስከ መቼ ይወስዳል? ወደ ትምህርቱ ይመለሳል? እኔም ለመውለድ አስባለሁና በዘር ይተላለፋል?»

ምላሽ፦

ውድ ጠያቂ፣ የወንድምዎን ሁኔታ ከመነሻው ጀምሮ በቅደም ተከተል ስለ ጻፉልኝ አመሰግናለሁ። በአካል ያላየሁትን ሰው መርምሬ ሕመሙ ይህ ነው ልል አልችልም፤ ስለዚህ ሐኪሙ የነገራችሁን መነሻ አድርጌ እመልሳለሁ። ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ አባትዎ «ስንፍና ነው» ያሉት ነው፤ ምላሼንም የምጀምረው ከእርሱ ነው። ቤተሰብን የሚያስደነግጠው፣ ወደ ሆስፒታልም ወደ ጠበልም የሚያስሮጠው ልጁ የሚሰማው ድምፅና የሚናገረው ያልተለመደ ነገር ነው። የታማሚውን ትምህርት፣ ሥራና ትዳር ቀስ በቀስ የሚወስድበት ግን በአብዛኛው ከዚያ በኋላ የሚቀረውና ማንም ሕመም ነው ብሎ የማያስበው ጸጥ ያለው ክፍል ነው።

ስኪዞፍሬኒያ በዓለም ላይ 23 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንደሚያጠቃ፣ ማለትም ከ345 ሰው አንዱን ገደማ እንደሚይዝ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ20 ዓመት ትንሽ ቀደም ብሎ ወይም በሃያዎቹ የዕድሜ ክልል ውስጥ ነው፤ በሴቶች ላይ ጥቂት ዘግየት ይላል። ሕመሙ ሰው ዩኒቨርሲቲ በሚገባበትና ራሱን በሚችልበት ዕድሜ ላይ መምጣቱ ጉዳቱን ያከብደዋል፤ የሃምሳ ዓመት ሰው ሲታመም የኋላ ሙያና ቤተሰብ ይኖረዋል፣ የ22 ዓመቱ ወጣት ግን ገና ሊይዝ ሲል ነው ከእጁ የሚወድቅበት።

የሕመሙ ምልክቶች በሁለት መልክ ይታያሉ። አንደኛው በጤናው ጊዜ ያልነበረ ነገር ሲጨመር ነው፦ ሌላው ሰው የማይሰማው ድምፅ መስማት፣ ሰዎች ይከታተሉኛል ወይም ሐሳቤን ያነቡታል ብሎ በማስረጃ የማይናወጥ እምነት መያዝ፣ ንግግር መዘበራረቅ። ሁለተኛው ደግሞ የነበረ ነገር ሲቀነስ ነው፦ ተነሳሽነት፣ ደስታ፣ የፊት ገጽታ፣ ወሬ፣ ከሰው ጋር የመሆን ፍላጎት። ከዚህ ጋር ትኩረት ይደክማል፣ ለማስታወስና ነገርን በቅደም ተከተል ለማሰብም ያስቸግራል። መድኃኒቶቹ ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ንጥረ ነገር የሚሠራበትን መንገድ በመግታት የተጨመረውን በጥሩ ሁኔታ ያጠፋሉ፤ በወንድምዎ ላይ በሁለት ወር ውስጥ ያያችሁት ይህንኑ ነው። የተቀነሰውን ለመመለስ ግን አቅማቸው ደካማ ነው። ስለዚህ ኪኒኑን እየወሰደ፣ ድምፁ ጠፍቶለት፣ አልጋ ላይ ሲውል የሚያየው ቤተሰብ «ሕመሙ ድኗል፣ የቀረው አመል ነው» ብሎ ይደመድማል። መደምደሚያው ስህተት ነው፤ በልጁ ላይ የሚያደርሰውም ጉዳት ትልቅ ነው።

ገላ መታጠብን ብቻ እንውሰድ። መታጠብ እንዳለበት ማሰብ፣ መነሳት፣ ውኃ ማሞቅ፣ ፎጣና የሚቀየር ልብስ መፈለግ፣ ጀምሮ መጨረስ፣ በመጨረሻም ንጹሕ የመሆንን ደስታ አስቀድሞ በልብ ማየት ያስፈልጋል። ጤናማ ሰው እነዚህን ሁሉ ሳያውቃቸው ያልፋቸዋል። ወንድምዎ ግን እያንዳንዷ እርምጃ ላይ ይቆማል፤ ካለፋትም በኋላ ደስታው አይጠብቀውም። ሰነፍ የሚባለው ሰው መሥራት የማይፈልገውን ትቶ የሚወደውን ያደርጋል። ወንድምዎ የሚወደውንም ትቷል፤ ልዩነቱን ለአባትዎ ሲያስረዱ ከዚህ ቢነሱ ጥሩ ነው። ኳስ ይወድ ከነበረ ኳስ ማየት መቼ እንዳቆመ ይጠይቋቸው።

ሆኖም ተኝቶ መዋሉን ሁሉ ለዚህ ምክንያት ብቻ መስጠት ተገቢ አይደለም፤ መፍትሔ ያላቸው ሌሎች ምክንያቶች ሊደበቁ ይችላሉ። የመጀመሪያው መድኃኒቱ ራሱ ነው። ሲራመድ እጆቹ እንደ ወትሮው ይወዛወዛሉ ወይስ ከጎኑ ጋር ደርቀው ይቀራሉ? እጁ ይንቀጠቀጣል? ለሃጩ ይወርዳል? ፊቱ ደርቋል? እነዚህ ካሉ መድኃኒቱ ሰውነቱን እያገረረው ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ መጠኑን መቀነስ፣ መድኃኒቱን መቀየር ወይም በተለምዶ አርቴን የሚባለውን ማስታገሻ ማዘዝ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው መቀመጥ ያቅተዋል፤ እግሩን እያንቀሳቀሰ ሲንቆራጠጥ ይውላል፣ ቤተሰቡም ሕመሙ የባሰበት ይመስለዋል። ይህም ከመድኃኒቱ የሚመጣ፣ ታማሚውን እጅግ የሚያሠቃይና ለሐኪም መነገር ያለበት ነገር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ድብርት ነው፤ ይህንን አደራ እላለሁ። አንድ ብሩህ ተማሪ ከሕመሙ ነቅቶ የደረሰበትን ሲያስብ፣ ጓደኞቹ ሊመረቁ ሲቃረቡ እርሱ እናቱ ቤት መተኛቱን ሲያይ፣ ተስፋው ሊቆረጥ ይችላል። ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች ከ100 5 የሚሆኑት ሕይወታቸውን የሚያጡት ራሳቸውን በማጥፋት ሲሆን፣ አደጋው ይበልጥ የሚከብደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ በተለይም በተማሩና ሕመማቸውን በተረዱ ወጣት ወንዶች ላይ ነው። ስለዚህ ብቻችሁን ስትሆኑ በቀጥታ ይጠይቁት፦ «ኑሮ አስጠልቶህ ያውቃል? መሞትን ታስባለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙዎች የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው ይቀልላቸዋል። «አዎ» ካለዎት ገመዱን፣ የፀረ ተባይ ኬሚካሉንና የመድኃኒት ክምችቱን ከአጠገቡ አርቁ፣ ብቻውን አትተዉት፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁም በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ጫትን በተመለከተ፣ በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አነቃቂ ነው፤ አሠራሩም ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። እንቅልፍ ያሳጣል፣ ጥርጣሬን ያባብሳል፣ አንዴ የታመመን ሰው መልሶ ይጥላል። ለሕመሙ ብቸኛ መንስኤ ነው ብዬ ልጁን አልወቅስም፤ ከአሁን በኋላ ግን ጫትም ሐሺሽም ለእርሱ እንደ ሌላው ወጣት አይደሉም፤ ይህንንም ሳትቆጡት፣ ምክንያቱን አስረድታችሁ ንገሩት።

አሁን ወደ ሾርባው ልምጣ። እናትዎ ያደረጉት ከፍቅርና ከጭንቀት እንደሆነ በሚገባ ይገባኛል፤ በብዙ ቤትም ይደረጋል። ነገር ግን እንዲቀጥል አልመክርም። ሾርባውን በከፊል የተወ ቀን የመድኃኒቱን ግማሽ ብቻ ይወስዳል፣ ሌላ ቀን ጭራሽ ላይወስድ ይችላል፤ የጎንዮሽ ጉዳት ሲመጣበትም ከየት እንደመጣ ስለማያውቅ ለሐኪሙ ሊናገር አይችልም። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ሕመሙ «ሰዎች በምሥጢር አንድ ነገር ያደርጉብኛል» የሚል ጥርጣሬ ነው፤ አንድ ቀን በሳህኑ ግርጌ ነጭ ዱቄት ካየ ጥርጣሬው እውነት ሆኖ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ የእናቱን ምግብ አልበላም ቢል ማን ይወቅሰዋል? በተረጋጋበት በዚህ ወቅት እውነቱ ቢነገረው ይሻላል። እናትዎ ሳይሆኑ እርስዎ ወይም እርሱ የሚያምነው ሌላ ሰው «መድኃኒቱን ስትተው ምን እንደደረሰብህ አይተን ፈርተን ነበር፤ ከአሁን በኋላ ግን ሳንነግርህ ምንም አንሰጥህም፣ አንተም ሲያስቸግርህ ንገረን፣ አብረን ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን» ይበሉት። ሊቆጣ ይችላል፤ ቁጣው ያልፋል። በየቀኑ መዋጥ ካስቸገረው በወር አንዴ ገደማ የሚወጋ እንደ ፍሉፌናዚን ያለ መርፌ ስላለ፣ የዕለት ከዕለት ጭቅጭቁን ለማስቀረት ሐኪሙን ይጠይቁ።

«ሕመም ነው ወይስ መንፈስ?» ለሚለው፣ እንደ ሐኪም የምመልሰው ይህ በአንጎል አሠራር ላይ የሚደርስ፣ መድኃኒት የሚቀበል ሕመም መሆኑን ነው። ዓይነ ጥላ ነው፣ ዛር ነው፣ መተት ተደርጎበት ነው የሚሉ ዘመዶች ክፉ አሳቢዎች አይደሉም፤ ማንም ሰው ለደረሰበት መከራ ትርጉም ይፈልጋል። ከአባትዎ ጋር ስለ መንፈስ መኖር አለመኖር ክርክር ውስጥ መግባት ለወንድምዎ የሚያተርፍለት ነገር የለም፤ እኔም ከማንም ቤተሰብ ጋር ያንን ክርክር አልገጥምም። ልጁን የጎዳው ጠበሉ አይደለም፤ ጠበል ቦታ ሳለ መድኃኒቱ መቋረጡ ነው። ኤች አይ ቪን በተመለከተ ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞን እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል፦ እንጦጦ ማርያም ጠበል የሄዱ ብዙ ሕሙማን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ይተዉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ግን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስተማሩ። ለአእምሮ ሕመምም ከዚህ የተለየ ነገር የለም። በጋና የጸሎት ቦታ ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ እዚያው ጸሎት ላይ እንዳሉ መድኃኒት የተሰጣቸው ሕሙማን መድኃኒት ካልተሰጣቸው ይልቅ ምልክታቸው ቀንሶ ተገኝቷል፤ ጸሎቱን ማንም አላስተዋቸውም።

ስለዚህ አባትዎ እንደገና ልውሰደው ካሉ «አይሆንም» አይበሏቸው፤ ሁኔታውን ያመቻቹ። የአባትዎን የንስሐ አባት አስቀድመው ያነጋግሩና መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ እርሳቸው ራሳቸው እንዲናገሩ ይጠይቋቸው፤ ከእርስዎም ከእኔም ይልቅ የእርሳቸው ቃል በአባትዎ ዘንድ ይሰማል። ጠበሉ በጠዋት የሚጠጣና የሚያስመልስ ከሆነ ኪኒኑን ወደ ማታ ማዞር ይቻላል፤ ሐኪሙን ጠይቃችሁ አድርጉት። ጾሙም ቢሆን ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደምትራራ ካህኑ ያስረዳሉ። ብቻውን አይሂድ፣ መታሰርና መገረፍ ያለበት ቦታም አይሂድ። እንዲህ ያለው ነገር ልጁን ከማሰቃየት ሌላ ፋይዳ የለውም።

ስለ መድኃኒቱ ርዝመት በግልጽ እናገራለሁ፤ ብዙ ባለሙያዎች ቤተሰቡ እንዳይከፋው ብለው ያድበሰብሱታልና። ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ዓመት መቀጠል አለበት። ወንድምዎ አንዴ አቁሞ ስለተመለሰበት ከዚህ የሚረዝም፣ ዓመታት የሚፈጅ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ለብዙዎች ደግሞ የዕድሜ ልክ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ 65 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የመረመረ ትልቅ ሥራ እንዳሳየው፣ መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ያገረሸባቸው ከ100 27 ሲሆኑ፣ ካቆሙት መካከል ግን 64 ናቸው። ከቁጥሩ ሁለት ነገር ይረዱ፦ መድኃኒቱ ሙሉ ዋስትና አይደለም፣ ማቆሙ ግን አደጋውን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። በየማገርሸቱም አንዳንዱ ሰው ወደ ቀድሞ ደረጃው ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ እየረዘመ፣ መድኃኒቱም እንደ መጀመሪያው በቀላሉ አልሠራ እያለ ይሄዳል። አንድ ቀን ማቆም ቢታሰብ እንኳ በሐኪም ክትትል፣ በወራት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ እንጂ በአንድ ጊዜ አይሆንም። ሪስፔሪዶን ክብደትና የደም ስኳር ሊጨምር ስለሚችል በየጊዜው ይመዘን፣ ስኳሩም ይታይለት፤ የወሲብ ፍላጎት መቀነስም የተለመደ ነው። ወጣት ወንድ ይህንን ለእህቱ ስለማይናገር ከሐኪሙ ጋር ብቻውን የሚሆንበት ጊዜ ስጡት፤ ብዙዎች ለቤተሰባቸው ሳይናገሩ መድኃኒት የሚተዉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከመድኃኒቱ ቀጥሎ፣ አንዳንዴም እኩል የሚመዝነው የቤቱ አየር ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በለንደን ከሆስፒታል የወጡ ሰዎችን ሲከታተሉ፣ ነቀፌታ፣ ጥላቻና ከልክ ያለፈ ጥበቃ ወደ በዛበት ቤት የተመለሱት ይበልጥ እንደሚያገረሽባቸው ተገንዝበዋል፤ ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ አጠናክረዋል። ይህ ማለት ቤተሰብ ሕመሙን አመጣ ማለት አይደለም፤ ያንን ሸክም ማንም አይጫንባችሁ። ቤተሰብ ሕመሙን ለማቅለል አቅም አለው ማለት ነው። ነቀፌታ ሲባል ጩኸት ብቻ አይደለም፤ «ጓደኞችህ ሊመረቁ ነው» የሚለው የአባት ትንፋሽም ነው። ከልክ ያለፈ ጥበቃ ደግሞ በአገራችን ከነቀፌታው ይበልጥ የተለመደ ይመስለኛል፦ እናት ልብሱን ታጥባለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ሱቅ አትላከው ትላለች፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ታስገባዋለች። ልጁ ከዓመት በኋላ ምንም የማይጠየቅ፣ ስለዚህም ለማንም የማያስፈልግ ሰው ይሆናል፤ ያን ጊዜ ተኝቶ ከመዋል በቀር የሚነሳበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ሥራ ስጡት፣ ግን ከአቅሙ አስበልጣችሁ አይሁን። ወንድምዎን በሚመስል ሁኔታ ላይ የነበረ አንድ ወጣት ትዝ ይለኛል፤ ለቤተሰቡ የሰጠኋቸው የመጀመሪያ ሥራ በየጠዋቱ ዳቦ ገዝቶ መመለስ ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እህቱ አብራው ወጣች፣ ከዚያ እስከ ማዕዘኑ ድረስ፣ ከዚያ ከበር። ዳቦው ሳይመጣ ቁርስ አይቀርብም ነበር፤ ካልሄደ ሁሉም ቁጭ ብለው ይጠብቁታል እንጂ ሌላ ሰው አይላክም። ይህ ከባድ ሆኖባቸው ነበር፤ እናትየው ሁለት ጊዜ ተደብቃ ገዝታለች። ከወራት በኋላ ልጁ የጎረቤት ሱቅ ሒሳብ ይመዘግብ ጀመር። በእናንተም ቤት ጠዋት የሚነሳበት ቋሚ ሰዓት፣ አንድ የእርሱ ብቻ የሆነ ኃላፊነት፣ በሳምንት ሁለት ቀን የገላ መታጠቢያ ቀን ይኑር። ትእዛዙ አንድ በአንድ ይሁን፤ «ተነስና ታጠብና ልብስህን ቀይረህ ና» ከሚባል «ውኃው ሞቋል፣ ና» ይሻላል። ሲያደርግ ይመስገን፣ ሳያደርግ ቀርቶ ከሆነ ነገም ቀን እንደሆነ ይነገረው።

በደቡባዊ ኢትዮጵያ በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ ሙከራ ይህ ምኞት ብቻ እንዳልሆነ ያሳየናል። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ ከሚሰጣቸው ሕክምና በተጨማሪ፣ ሠልጥነው ቤት ለቤት የሚሄዱ የአካባቢው ሠራተኞች ሲረዷቸው፣ ከቤተሰባቸውና ከዕድር ሰዎች ጋርም ሲሠራ፣ ከዓመት በኋላ ለኑሮ የሚያስፈልጉ ተግባራትን የማከናወን አቅማቸው ሕክምናውን ብቻ ካገኙት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚያ ሠራተኞች ሐኪሞች አልነበሩም።

አልፎ አልፎ ጥርጣሬው ብቅ ሊል ይችላል። «ጎረቤቶቹ ስለ እኔ ነው የሚያወሩት» ቢልዎ፣ «ተሳስተሃል» ብለው አይከራከሩት፣ «እውነትህን ነው» ብለውም አያጽኑት። «እኔ አልሰማሁም፤ አንተ ግን ስትሰማ በጣም የሚያስጨንቅ መሆን አለበት፤ አሁን ምን ላድርግልህ?» ማለት ይቻላል። የሚሰማው ፍርሃት እውነተኛ ስለሆነ መልስ የሚሰጠው ለፍርሃቱ ነው። እንቅልፉ ሁለትና ሦስት ሌሊት ከተበላሸ፣ ብቻውን መሳቅና ማውራት ከጀመረ፣ ምግብ መጠርጠር ከጀመረ የማገርሸት ምልክት ነውና ቀጠሮውን አስቀድሙ። ትኩሳት ከሰውነት መገረርና ከመደንዘዝ ጋር ከመጣ ደግሞ ይህ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት፣ ግን ሕይወት የሚያጠፋ የመድኃኒት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱን አቁማችሁ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። ሌላው የማሳስበው የአካል ጤናውን ነው። በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ዕድሜ ከሌላው ሕዝብ ወደ 30 ዓመት ገደማ እንደሚያጥር አሳይቷል፤ ብዙዎቹንም የገደሏቸው ሊታከሙ የሚችሉ ተላላፊ በሽታዎች ናቸው። «ሳል ነው» ሲላችሁ፣ «ሆዴን አመመኝ» ሲላችሁ ከአእምሮው ሕመም ጋር አታያይዙት፤ እንደ ማንኛውም ሰው ይመርመር።

ስለ ዘር ጥያቄዎ የሚያስፈራ መልስ የለኝም። በሽታው በዘር የሚወረስ ዝንባሌ አለው፤ በአጠቃላይ ሕዝብ ውስጥ በዕድሜ ዘመን የመያዝ ዕድል ከ100 1 ያህል ሲሆን፣ ለታማሚው ወንድምና እህት ወደ 9 ገደማ ይደርሳል። ዘሩ ብቻውን እንደማይወስን የሚያሳየው ደግሞ፣ ፍጹም ተመሳሳይ ዘር ካላቸው መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ግማሽ ባልሞላ ጊዜ መሆኑ ነው። ለእርስዎ ልጆች፣ እርስዎ ጤናማ ከሆኑ፣ ዕድሉ ከ100 ከ2 እስከ 4 ነው፤ ይህ ማለት ከ100 ሕፃናት 96 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት አይታመሙም። ከመውለድ የሚያግድዎ ምክንያት አላይበትም። ለሚያጭዎ ሰው ወንድምዎን መደበቅ አያስፈልግም፤ ብዙ ቤተሰብ የእኅትን ጋብቻ ለማዳን ሲል ወንድምን ጓዳ ያስገባዋል፣ የተደበቀው ወንድምም ሕክምና ሳያገኝ ይቀራል።

ስለ ሕክምናው ቦታ፣ አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ልዩ ሆስፒታል ነበር፤ በዚህም የተነሳ ስሙ ራሱ ሰውን ለመስደብ ይነገራል፤ ይህም ቤተሰብን ከሕክምና የሚያሸሽ ትልቅ በደል ነው። ዛሬ ግን በብዙ የክልል ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ነርሶችና ባለሙያዎች አሉ፤ ለክትትልና ለመድኃኒት መድገሚያ በቅርባችሁ ያለውን ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ጠይቁ። በየወሩ ረጅም ጉዞ ያስፈለገው ሕክምና ብዙውን ጊዜ የሚቋረጠው መንገድ፣ ገንዘብና ጊዜ ሲያልቅ ነው፤ ቅርብ ያለ ባለሙያ ዝነኛ ከሆነ ሩቅ ባለሙያ ይሻላል።

ወደ ትምህርቱ ስለ መመለስ፣ ብዙዎች ተመልሰዋል፤ በዚህ ሴሚስተር ግን አትቸኩሉ። አሁን ባለበት ሁኔታ ምህንድስና ላይ ቢያስገቡት፣ ትኩረቱ ገና ያልተመለሰ ስለሆነ ሊወድቅ፣ ውድቀቱም ሊመታው ይችላል። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለ ድካም አንድ ሰዓት የሚያነብ ይሁን፣ የሚያነበውም የሚወደው ነገር ይሁን፤ ለጥቂት ወራት ያለ ማገርሸት ከቆየ ጥቂት ኮርስ ይዞ፣ ከተቻለ ዶርም ሳይሆን ከዘመድ ጋር እየኖረ፣ የምሽት እንቅልፉን እየጠበቀ መጀመር ይቻላል። ምህንድስናው ከበደው ብላችሁ ካያችሁ ሌላ ክፍል ወይም ሙያ መምረጡ ሽንፈት ሆኖ እንዳይታየው ከወዲሁ ተነጋገሩ። ሥራ ፍለጋ በሚደርስበት ጊዜም የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳት ያለበትንም ሰው እንደሚጨምር እወቁ። አሁን ግን በጣም አስቸኳይ የሆነው ወረቀቱ ነው፦ ትምህርቱን ዝም ብሎ ካቆመ እንደ ቀረ ተቆጥሮ ለመመለስ ይከብደዋል። ስለዚህ ከሐኪሙ የሕመም ማስረጃ ተቀብላችሁ፣ ወንድምዎ ራሱ ካመነበት፣ በሕመም ምክንያት የሚሞላውን የማቋረጫ ቅጽ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ቀኑ ሳያልፍ አስገቡ፤ ማስረጃው ላይ የሕመሙ ስም በዝርዝር እንዲጻፍ አስገዳጅ እንዳልሆነ፣ ሐኪሙ «በሕመም ምክንያት ትምህርቱን ማቋረጥ ያስፈልገዋል» ብሎ መጻፉ በቂ እንደሚሆን አስቀድማችሁ ከሬጅስትራሩ ጋር አረጋግጡ፣ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂም ይዛችሁ ውጡ።